ላንጋኖ ዳር ከጓደኞች ጋር ማደር፦ ድንኳን፣ ዓሣና የዱር ፍሬ

ባሕር ባይኖረንም ሐይቅ አለን። ድንኳን ተክሎ፣ ዋኝቶ፣ ዓሣ አጥምዶ ለማደር ደግሞ ለእኔ ላንጋኖን የሚያህል የለም። ከአዲስ አበባ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ነው፤ ማለዳ የተነሣ ለምሳ ይደርሳል። ጎረቤቱ ዝዋይ ቢልሃርዚያ (ከውኃ በቆዳ በኩል የሚገባ የትል በሽታ) አለበት። አብያታና ሻላ የሶዳ ሐይቆች ናቸው፤ አብያታ ጨዋማነቱ እየበረታ ሄዶ የነበረው ዓሣ አልቆበታል። ላንጋኖ ግን ከቢልሃርዚያ ነፃ በመሆኑ ይታወቃል፤ ቆሮሶና አምባዛ የሚባሉ ዓሦችም ይገኙበታል። ቡናማ መልኩ ቆሻሻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ እውነቱ ግን በውኃው ውስጥ ተንሳፍፎ የማይዘቅጥ ደቃቅ አፈር ነው።

የመጀመሪያ ጉዟችንን ስድስት ሆነን ነበር የሄድነው። «ሐይቁ ያበላናል» ብለን ፓስታ፣ ሽንኩርትና ዘይት ብቻ ያዝን። ሁለት ቀን ሙሉ መንጠቆ ስንጥል ውለን አንድም ዓሣ አልወጣም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከብት የሚጠብቅ ልጅ ቆሞ አየንና «እዚህ አይደለም፤ ፊላው ጋ ነው» ብሎ ውኃው ዳር ወደበቀለው ረጅም ሣር በበትሩ አመለከተን። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሰባት ቆሮሶ አወጣን። ከዚያ ወዲህ ሐይቅ ዳር ስደርስ አስቀድሜ የምፈልገው ሰው ነው፤ ዓሣው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚያች ጠዋት የተነሣ ነው።

1. ወቅቱን መምረጥ

ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይመረጣል። ዝናቡ ያልፋል፣ መንገዱ ይደርቃል፣ ሌሊቱ ግን ይበርዳልና ወፍራም ብርድ ልብስ ያዙ። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,585 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ይህ ከፍታ የወባ ትንኝን አያግድም። በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ ዚፑ በትክክል የሚዘጋ ድንኳን ወይም አጎበር፣ ሲመሽ እጅና እግር የሚሸፍን ልብስና በቆዳ ላይ የሚቀባ የትንኝ መከላከያ ያስፈልጋችኋል። ከተመለሳችሁ በኋላ በሚቀጥሉት ሳምንታት ትኩሳት የያዘው ሰው ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ላንጋኖ ማደሩን ለሐኪሙ ይንገር።

ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን የጸጥታ ሁኔታ በዚያ በኩል ከሚመላለስ ሰው ጠይቁ፤ ጉዟችሁም በቀን ብቻ ይሁን። መስመሩ በሞጆ፣ በመቂና በባቱ ያልፋል። ባቱ ላይ ቆማችሁ ሎሚ፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ውኃ ግዙ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ልብ አይገኝም።

2. ስንቅ

ዓሣ ባይገኝ ጾማችሁን የማታድሩበትን ያህል ምግብ ያዙ። እንጀራ በሙቀት ቶሎ ይሻግታል፤ ስለዚህ ለመጀመሪያው ቀን የሚበቃ ብቻ ይዛችሁ የተረፈውን በድርቆሽ ተኩት። በሶ፣ ቆሎና ጭኮ ለዚህ ዓይነት ጉዞ የተፈጠሩ ይመስላሉ፤ እሳት አይፈልጉም፣ አይበላሹም፣ ያጠግባሉ። በርበሬ፣ ጨው፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይትና የጥብስ ቅጠል አትርሱ። በጠርሙስ የተዘጋጀ ዳጣ ካለ ግማሹ የማብሰል ሥራ አለቀ።

ውኃ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 5 ሊትር ያዙ። የሐይቁን ውኃ አፍልቼ እጠጣለሁ የሚል ጓደኛ አይጠፋም። በስምጥ ሸለቆ ውኃ ውስጥ ሲበዛ ጥርስና አጥንት የሚጎዳው ፍሎራይድ ይበዛል፤ ማፍላት ደግሞ ጀርም ቢገድልም ፍሎራይድን አያወጣም። የሐይቁ ውኃ ለመዋኛና ዕቃ ለማለቅለቅ ይሁን።

ስለ እሳት አንድ የማልደራደርበት ነገር አለኝ። በላንጋኖና በአብያታ ዙሪያ ያለውን ግራር ከሰል ጨርሶታል ማለት ይቻላል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሲሳሳ አይቻለሁ። ስለዚህ ለወጥና ለቡና ትንሽ ቡታጋዝ ያዙ፤ ለማታው እሳት ደግሞ የባሕር ዛፍ ፍልጥ ከከተማ ገዝታችሁ ጫኑ። ቆሞ ያለ ዛፍ አይቆረጥም፤ የደረቀ ቅርንጫፍም ቢሆን። የቁልቋል እንጨት ፈጽሞ አታንድዱ፤ ነጭ ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ እስከ ማሳወር ይደርሳል፣ ጭሱም ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል።

3. ሰው መፈለግ

የምታድሩበት ቦታ ከሎጅዎቹ የድንኳን ሥፍራ አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ይህን እመክራለሁ። ከዚያ ውጭ ከሆነ መሬቱ የሰው መሬት ነው። የግጦሽ መሬትም ቢሆን ባለቤት አለው። መኪናውን አቁሙና ወደ ቅርቡ መንደር ሄዳችሁ ሽማግሌ ፈልጉ፤ «አካም ጅርቱ» ብላችሁ ሰላምታ ስጡ፤ ማንነታችሁን፣ ስንት ሌሊት እንደምታድሩና ምን ልታደርጉ እንደመጣችሁ ተናገሩ። የጥበቃ ሰው ካመለከቱላችሁ ዋጋውን እዚያው ፊት ለፊታቸው ተስማሙ። 

ሦስት ጥያቄ አትርሱ። ጉማሬ ወይም አዞ የሚታይበት በየት በኩል ነው? ዓሣ አጥማጆቹ የት ናቸው? ማጥመድስ የሚፈቀደው ለማንና በምን ነው? ዓሣ ማጥመድን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 315/1995 ነው፤ ክልሉም የራሱ ደንብ ይኖረዋል። የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም የአጥማጆች ማኅበር በዚያ ወቅት የሚፈቀደውን ይነግሯችኋል። መርዝና ፈንጂ በየትኛውም ሐይቅ የተከለከሉ ናቸው። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃ ውስጥ መበተን የአባቶች ዘዴ ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት፤ ትልቁንም ጫጩቱንም አብሮ ይጨርሳል።

4. ድንኳኑ

ከውኃው ጠርዝ ቢያንስ 50 ሜትር ራቁ። ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ሲወጣ የለመደውን መንገድ ይከተላል፤ በሣሩ መካከል የተረገጠ ሰፊ ዱካ ካያችሁ ያንን ቦታ ተዉት። ከትልቅ ግራር ሥርም አትትከሉ፤ እሾሁ የድንኳኑን ወለል ይበሳል፣ የደረቀ ቅርንጫፉም በነፋስ ይወድቃል።

ከሰዓት በኋላ ላንጋኖ ላይ ኃይለኛ ነፋስ ይነሣል፤ ማዕበሉን ያየ ሰው ሐይቅ መሆኑን ይጠራጠራል። አሸዋ ላይ የተለመደው ካስማ አይዝም። ስለዚህ ገመዱን በአንድ ክንድ በሚያህል እንጨት መሐል እሰሩ፤ እንጨቱን አግድም አድርጋችሁ እስከ ክርን ጥልቀት ቅበሩት፤ አሸዋውን በእግር ደልድሉ። ይህ ሲያዝ መኪና ቢጎትተው አይወጣም። በሩን ከነፋሱ በተቃራኒ አዙሩ። ድንኳኑን ከቀኑ ስምንት ሰዓት በፊት ተክላችሁ ጨርሱ፤ ነፋሱ ከመጣ በኋላ አራት ሰው ይዞትም አይቆምም።

5. ማጥመድ

መሣሪያው ቀላል ነው። ለቆሮሶ 0.25 ወይም 0.30 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የናይለን ክር፣ ቁጥር 8 ወይም 10 መንጠቆ፣ ትንሽ እርሳስና የጠርሙስ ቡሽ ይበቃል። በመንጠቆ ቁጥር ሲበልጥ መንጠቆው ያንሳል፤ ይህን የማያውቅ ሰው ሱቅ ገብቶ ትልቁን ገዝቶ ይመጣል፣ የቆሮሶ አፍ ደግሞ ትንሽ ነው። ለአምባዛ 0.50 ሚሊ ሜትር ክርና ቁጥር 2 መንጠቆ ያዙ። ዘንግ ባይኖር ቀጥ ያለ ሸምበቆ ወይም ክሩ የተጠመጠመበት ጣሳ ያገለግላል፤ የመንደሩ ልጆች በጣሳ ነው ከእኛ የተሻለ የሚይዙት።

መንጠቆ አስተሳሰር፦ ክሩን በመንጠቆው ቀዳዳ አሳልፉ፤ ጫፉን በዋናው ክር ላይ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ጠምዝዙ፤ ከቀዳዳው አጠገብ በተፈጠረችው ትንሽ ቀለበት ውስጥ መልሳችሁ አሳልፉት፤ በምራቅ አርጥቡና ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ሳያረጥቡ መሳብ ክሩን ያቃጥለዋል፤ ትልቁ ዓሣ ሲመጣ እዚያው ላይ ይበጠሳል። እርሳሱን ከመንጠቆው አንድ ስንዝር ከፍ አድርጉ፤ ቡሹን ደግሞ ከአንድ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ላይ። ክብደቱ ቡሹን ቀጥ አድርጎ የሚያቆም እንጂ የሚያሰጥም አይሁን።

ቆሮሶ አብዛኛውን ጊዜ የሚመገበው በውኃ ውስጥ የሚበቅል ደቃቅ አረንጓዴ ነገር ነው። ስለዚህ የሥጋ ቁራጭ እምብዛም አይማርከውም። የስንዴ ዱቄት በትንሽ ውኃና ስኳር ጠንከር አድርጋችሁ አቡኩ፤ የሽንብራ ፍሬ በምታህል መጠን መንጠቆው ጫፍ ላይ አድቦልቡሉ። የመሬት ትል ከተገኘ ይበልጣል፤ ከብት ውኃ የሚጠጣበት እርጥብ ጭቃ ሥር ቆፍሩ። ከመጣላችሁ በፊት ጥቂት የእንጀራ ፍርፋሪ ፊላው ጠርዝ ላይ በትኑና አሥር ደቂቃ ታገሡ። ጥላችሁ ውኃው ላይ እንዳያርፍ ፀሐይን ፊት ለፊት ይዛችሁ ቁሙ። ድምፅ አታሰሙ። ቡሹ ሁለት ሦስቴ ሲነቃነቅ አትሳቡ፤ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ሲሄድ ወይም ሲሰጥም ያን ጊዜ በእጅ አንጓ ብቻ አጭር አድርጋችሁ ሳቡ። ጥሩው ሰዓት ከንጋት እስከ ሦስት ሰዓት ጠዋት ነው፤ ነፋሱም ገና አልተነሣም።

የቆሮሶ እናት እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ታሳድጋለች። አፏ አብጦ ወይም ከአፏ እንቁላልና ጫጩት ሲፈስ ካያችሁ ያለ ክርክር ወዲያው ወደ ውኃው መልሷት። ከ20 ሴንቲ ሜትር ያነሰውንም እንዲሁ። እጃችሁን ሳታረጥቡ አትያዙት፤ ደረቅ እጅ የቆዳውን ልጋግ ይገፍፈዋል፣ ቢመለስም ይታመማል።

አምባዛ ሌላ ጉዳይ ነው። ሲመሽ ይነቃል፣ በታች በኩል ይሄዳል፣ ጉበትና የሥጋ ቁራጭ ይወዳል። ቡሽ አያስፈልገውም፤ እርሳሱ መሬት ይንካ። ስታወጡት ከአፉ ጎን ባሉት ክንፎቹ ላይ ስለታም እሾህ አለና በጨርቅ ከራሱ ኋላ ያዙ። አምባዛ አየር መተንፈስ ይችላል፤ ከውኃ ውጭ ለሰዓታት ይቆያል። እንዳይሠቃይ ወዲያው ጭንቅላቱን በዱላ አንድ ጊዜ በርትታችሁ ምቱት። ሌሊት ጉማሬ አለ በተባለበት በኩል ግን ውኃው ጠርዝ አትቀመጡ። አምባዛ ቢቀር ይቅር።

ምንም ካልተያዘ ከአጥማጆቹ ግዙ። ዓይኑ ጥርት ያለ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት የሚመለስ ይሁን። ገዝቶ መብላት ነውር የለበትም፤ አጥማጁም ማታ ላይ እሳቱ ዳር መጥቶ ነገ የት መጣል እንዳለባችሁ ይነግራችኋል።

6. ማጽዳትና ማብሰል

ዓሣው በተያዘ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጽዳ። ቅርፊቱን ከጭራ ወደ ራስ በቢላ ጀርባ ግፈፉ፤ ሆዱን ከታች እስከ መንጋጋ ስንጠቁ፤ አንጀቱንና ስንጥቡን አውጡ፤ በአከርካሪው ሥር ያለውን ጥቁር ደም በጥፍር ፋቁ። መራራው የሚቀረው እዚያ ነው። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ ልጋጉን በጨውና በሎሚ እሹና እጠቡ። ሆድ ዕቃውን ከሰፈራችሁ ርቃችሁ በጥልቅ ቅበሩ። ያለዚያ ቀን አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ፣ ሌሊት ጅብ ይመጣል።

ምግብ ከመሠራቱ በፊት ጓደኞቻችሁን ጠይቁ። ቅርፊት የሌለውን ዓሣ በኦሪት ሕግ ምክንያት የማይበላ ብዙ ክርስቲያን አለ፤ በጾም ዓሣ የሚበላና የማይበላም አለ። ሙስሊም ጓደኞቻችን በአብዛኛው ዓሣን ያለ ማረድ ይበላሉ። ስለዚህ ቆሮሶና አምባዛ በአንድ ድስት አይግቡ፤ ሁለት መጥበሻ መያዝ ከባድ አይደለም። አንድ ሰው ዝም ብሎ ድርቆሽ ሲበላ ማየት የማታውን ደስታ ያጎድላል።

ቆሮሶ ጥብስ፦ በሁለቱም ጎን ሦስት ሦስት ቦታ እስከ አጥንቱ ብጡት። ጨው፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና የጥብስ ቅጠል በብጡ ውስጥ አስገቡና ግማሽ ሰዓት ተዉት። ዘይቱ ሲግል ውኃውን አድርቃችሁ ጨምሩ፤ አንድ ጎን ወርቅማ እስኪሆን አትንኩት፤ ቶሎ የሚገለበጥ ዓሣ ይፈርሳል። በፍም ላይ ከሆነ በየጎኑ ሰባት ስምንት ደቂቃ። ከአጥንቱ በቀላሉ ሲላቀቅ በስሏል። በዳጣና በሎሚ ይበላል።

አምባዛ ወጥ፦ ብዙ ሽንኩርት ያለ ዘይት አብስሉ፤ ዘይትና በርበሬ ጨምራችሁ አቁላሉ፤ ነጭ ሽንኩርትና ጥቂት ውኃ አድርጉ። ዓሣውን በመጨረሻ በትልልቁ ቆርጣችሁ ጨምሩና ሳታማስሉ ድስቱን ብቻ እየወዘወዛችሁ 15 ደቂቃ ያህል ይንተክተክ። ድርቆሹን ከድስቱ ሥር ባለው መረቅ ላይ ስትጥሉት ፍትፍት ይሆናል፤ ከዚህ ጉዞ እኔ የምናፍቀው ይህን ነው።

ሐዋሳ ላይ ጥሬ ዓሣ የሚወዱ ሰዎች አሉ። እኔ አልመክርም። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዓሣ ሆድ ውስጥ ጥገኛ ትሎች ይገኛሉ፤ ሎሚ አይገድላቸውም።

7. የዱር ፍሬ

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ዓሣ ቢያመልጥ ምሳ ይቀራል፤ በፍሬ መሳሳት ግን ሕይወት ያስከፍላል። ሕጌ አንድ ነው፦ የአካባቢው እረኛ ዓይኔ እያየ ያልበላውን አልበላም። የመንደሩን ልጅ ወይም እናት አብራችሁ እንድትዞር ለምኑ፤ ለጊዜዋም ክፈሉ። 

በበጋ ወራት በሐይቁ ዙሪያ በብዛት የሚገኙት ቁርቁራና በደና ናቸው። ቁርቁራ ቡናማ ሲሆንና ሲጨማደድ ይጣፍጣል፤ ከዛፉ ሥር የረገፈውን ልቀሙ፣ እሾሁ ወደ ኋላ የተጠመዘዘ ስለሆነ እጅ የገባ በቀላሉ አይወጣም። በደና ልጣጩ ይላጣል፤ ከፍሬው ላይ ያለው ተለጣፊ ሥጋ እንደ ከረሜላ ይመጠጣል፤ ጣፋጭና መራራ በአንድ ላይ ነው። በምሥራቁ ዳርቻ ጥቅጥቅ ባለው ደን በኩል ሾላ ታገኛላችሁ። «ሾላ በድፍን» የሚባለው በከንቱ አይደለም፤ ውስጡ ነፍሳት ይገባሉ። እዚህ ግን ድፍኑን ተዉትና ሰንጥቃችሁ፣ አራግፋችሁ ብሉ።

አጋም ግን ትልቁን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ መረንዝ የሚባል ዘመድ አለውና። ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ቀራሩ ይሉታል። ሁለቱም ቁጥቋጦ ናቸው፣ ቅጠላቸው ያንጸባርቃል፣ ሲቆረጡ ወተት ይወጣቸዋል፣ ፍሬያቸውም ከቀይ ወደ ጥቁር ወይን ጠጅ ይለወጣል። መረንዝ ግን በአፍሪካ አዳኞች ቀስታቸውን የሚመርዙበት ተክል ነው፤ ልብን ያቆማል። መለያው እሾሁ ነው፦ አጋም ጠንካራ፣ ጥንድ ጥንድ እሾህ አለው፤ መረንዝ እሾህ የለውም። እሾህ ያላያችሁበትን ቅርንጫፍ አትንኩ፤ እንጨቱንም ሥጋ መጥበሻ ዘንግ አታድርጉት። ቢጫ ቲማቲም የሚመስለው እምቧይም አይበላም። እንጉዳይ ደግሞ፣ ሐኪሙ ሩቅ በሆነበት ሥፍራ፣ የምታውቁት ቢመስላችሁም ተዉት።

አንድ ሰው ያልታወቀ ፍሬ በልቶ ማስመለስ፣ የልብ ምት መዛባት ወይም መፍዘዝ ከጀመረው የቤት መድኃኒት አትፈልጉ። የበላውን ፍሬ ከነቅጠሉ በላስቲክ ይዛችሁ እንደ ቅርበቱ ወደ ባቱ ወይም ወደ አርሲ ነገሌ ንዱ።

ስትለቅሙ ከአንድ ዛፍ ከሚታየው ፍሬ ከግማሽ በታች ውሰዱ። ጦጣውም የመንደሩ ሕፃንም ከዚያው ይበላሉ።

8. ሌሊቱና መመለሻው

ምግብ ድንኳን ውስጥ አይደር፤ መኪናው ውስጥ ተቆልፎበት ይደር። ወደ ውጭ የሚወጣ ሰው ባትሪ ይዞ ሌላ ሰው ቀስቅሶ ይውጣ። መዋኘት ጠዋት ሐይቁ ጸጥ ባለበት ሰዓት ይሁን፤ ታንኳ ላይ የሚወጣ ያለ ሕይወት አድን ጃኬት አይውጣ፣ ከቀትር በኋላም ከዳርቻው አይራቅ።

እሳቱን በአሸዋ ብቻ አታልብሱት፤ አሸዋ ሥር ፍም ሌሊቱን ሙሉ ይቆያል፣ ጠዋት በባዶ እግሩ የሚመጣ ልጅ ይረግጠዋል። ውኃ ደፍታችሁ፣ በእንጨት አማስላችሁ፣ በእጅ ጀርባ ሙቀቱን ፈትሹ። ቆሻሻውን ሰብስባችሁ እስከ ባቱ ይዛችሁ ሂዱ። ከሁሉም በፊት ግን አጎንብሳችሁ የተበጠሰ የናይለን ክር ፈልጉ፤ በየሸምበቆው ሥር፣ በየድንጋዩ መካከል። አንድ ጊዜ እግሩ በክር የታሰረ አባ ኮዳ በአንድ እግሩ ሲያነክስ አይተን ሦስት ሰዓት ሙሉ ልንይዘው ሞክረን አልተሳካልንም። ክሩን በጣሳ ጠምጥሙና መንጠቆውን በቡሽ ላይ ሰክታችሁ ወደ ቤት ውሰዱት፤ ወይም ቦታውን ላሳያችሁ ልጅ ስጡት።